ለደጋ አካባቢ አነስተኛ ግቢዎች የቤንዚን ሣር ማጨጃ ማሽን አመራረጥ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በግምጃ ቤትና በአካባቢው የክረምቱ ዝናብ ብዙ በመሆኑ የግቢ ሣር ፈጥኖ ያድጋል። በመሆኑም የቤንዚን ሣር ማጨጃ ማሽን ለመግዛት ያሰቡ ተገልጋዮች ከዋጋው አስቀድመው የሚከተሉትን ጉዳዮች እንዲያጤኑ ይመከራል።

በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የቦታው ከፍታ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለሚያቃጥል፣ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቅናሹም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ እንደሚገኘው ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት ይታጣል። ስለዚህ ግቢው ትንሽ ነው በሚል አነስተኛውን ሞተር መምረጥ ቁጠባ አይሆንም፤ በሐምሌ እርጥብ ሣር ላይ ደጋግሞ ይጠፋልና። ጥቁር ጭስና በጥቀርሻ የተሸፈነ ካንዴላ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ እንደበዛ ስለሚያመለክቱ፣ ካርቡሬተሩ ለከፍታ ቦታ መስተካከል ይችል እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ለአንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ከ40 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር የማጨድ ስፋት በቂ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል አያስፈልገውም፤ ከውኃ መሳቢያ ሞተር ጋር ስለሚመሳሰልም ጠጋኙ አይቸግርም። ሆኖም አዲስ ማሽን ብዙ ጊዜ ያለ ሞተር ዘይት ስለሚመጣ ሳይሞላ ማስነሳት ሞተሩን ያቃጥለዋል። ማሽኑ እንደ መኪና ማደያ ድረስ ሄዶ አይቀዳምና፣ ቤንዚን በመያዣ ስለሚገዛበት ሥርዓት በአካባቢው የሚገኘውን የንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በበጋ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ነዳጁን ከጋኑ አንጠፍጥፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የታጨደው ሣር መጨረሻ ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በዚህ አካባቢ፣ ከማሽኑ ከረጢት የወጣን ሣር ለፈረስ መስጠት መልካም አሳብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ደቅቆ የተቆረጠ እርጥብ ሣር ሲከመር በሰዓታት ውስጥ ይግላል፣ ይብላላል። ፈረስ ደግሞ ይህን ሣር በቅጡ ሳያኝክ ይውጠዋል፤ ማስታወክም ስለማይችል በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ለከባድ የሆድ ሕመም፣ አልፎ ተርፎም ለሞት ይዳርገዋል። ስለዚህ በማሽን የታጨደው እዚያው ሣሩ ላይ ስስ ሆኖ ይበተን፣ ወይም ለብስባሽ ማዳበሪያ ይዋል። በማጭድ የታጨደ ረጅም ሣር ግን በደንብ ስለሚታኘክ ይህ አደጋ የለበትም፤ የግቢውን ሣር ለመኖ የሚፈልግ አባወራ ወይም እማወራ ማሽኑን ባይገዛ ይሻላል።