ጋራዥ ሊሾ ስታስደርጉ የሠራተኛውን ጉልበት እዩ

ዲላ ያለው ቤታችን የመኪና ማቆሚያው ወለል አፈር ነበር። ዝናብ ሲጥል የጌዴኦ ቀይ ጭቃ እስከ ሳሎን ይከተለናል፤ ጥግ ላይ የቆመው የጀንፈል ቡና ጆንያም እርጥበት ይስባል። በቃ ሊሾ ይደረግ ተባለ።

ወለሉን የሚያለሰልሰው ልጅ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ነው የሚሠራው። ሱሪው ርሶ ጉልበቱ ላይ ተጣብቋል። «አያቃጥልህም?» ስለው «ኧረ ምንም አይል፣ ዶክተር» አለኝ።

ችግሩ እኮ እዚህ ጋ ነው! የእርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ ቆዳን ሲበላ መጀመሪያ ላያምም ይችላል። ሕመሙ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሰዓታት አልፈው፣ ቆዳው ተጎድቶ ነው። አንዳንዱ ቁስል ጠልቆ ቆዳ እስከመለጠፍ ያደርሳል።

ሱሪውን አስወልቄ ጉልበቱን በቧንቧ ውሃ ከ20 ደቂቃ በላይ አስታጠብኩት። «ሎሚ እንሸው» ያለም ነበር፤ እንዳታደርጉት! ዓይን ውስጥ ከገባም ወዲያው በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ማታ ጉልበቱ ቀላ እንጂ አልቆሰለም። በማግስቱ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ገዛሁለት፤ ጉልበቱ ሥር ላስቲክ የተጠቀለለ ስፖንጅ አደረግን። ልጁ ሳቀብኝ፣ ግን አላወለቀውም።

ሊሾው ደርቆ ኢፖክሲ የምትቀቡ ደግሞ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው እስኪጠፋ ሕፃናትና አስም ያለበት ሰው አይግቡ። የኛ ቡና እስካሁን በረንዳ ላይ ነው።