ካርታው የተወው፣ መዝገቡ የያዘው

የብሪታንያ ጦር ቀያሾች እ.ኤ.አ. በ1824 መላ አየርላንድን ለመለካት የተሰማሩት ለግብር ነበር። የመሬት ግብር በትክክል እንዲደለደል የእያንዳንዱ ቦታ ወሰንና ስፋት መታወቅ ነበረበት። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው መሥሪያ ቤትም በቶማስ ኮልቢ መሪነት፣ የምድሩን አንድ ማይል በ6 ኢንች የሚያሳይ ዝርዝር ካርታ ማንሳት ጀመረ።

ችግሩ ስሙ ላይ ነበር። ታውንላንድ የሚባሉት የገጠር ክልሎች ከ60,000 ይበልጣሉ፤ የአብዛኞቹም ስም በአገሬው ቋንቋ፣ በጌሊክ ነው። ቀያሹ ግን የሚሰማው በእንግሊዝኛ ጆሮ ነው። ያንኑ ቦታ ባለርስቱ በአንድ ዓይነት ፊደላት፣ የቆየ ሰነድ በሌላ ይጽፈዋል። ስለዚህ «የስም መዝገብ» ተዘጋጀ። በውስጡ የቦታው ስም የተጻፈባቸው መንገዶች ከነምንጫቸው ይዘረዘራሉ፤ የቦታው አቀማመጥና መልክ ይገለጻል፤ በመጨረሻም ካርታው ላይ የሚታተመው አጻጻፍ ይወሰናል።

የዚህ ሥራ ዋልታ በ1830 የተቀጠረው የኪልኬኒ ገበሬ ልጅ ጆን ኦዶኖቫን ነው። ከ1834 ጀምሮ ከአውራጃ አውራጃ እየዞረ፣ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ፣ ስሙን ከአፋቸው ይሰማ ነበር፤ የሰማውንም ከጥንታዊ የብራና ጽሑፎች ጋር ያመሳክራል። በየመንገዱ የደረሰበትን በደብዳቤ ወደ ደብሊን ይልካል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ «ኪልሞር» የሚለው ስም ያሳያል። በአየርላንድ ብዙ ኪልሞሮች አሉ። የአንዱ ስም በጌሊክ «ትልቁ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው፤ የሌላው «ትልቁ ጫካ»። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ፤ ጌሊክ ተናጋሪው ሲጠራቸው ግን ይለያያሉ። እዚያ የኖረን ሰው ሳይጠይቁ ትርጉሙን ከወረቀት ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ካርታው ግን የታተመው ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሚመች አጻጻፍ ነው። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው፤ ሰው የተወለደበትን ቀዬ ስም በባዕድ አፍ እንዲያነብ ተገድዷልና። ሆኖም ካርታው የተወውን ጌሊክ ያው መሥሪያ ቤት በመዝገቡ አስቀርቶታል። የተረፈውም ለጥቂት ነበር። የመጨረሻው አውራጃ የኬሪ ካርታ በ1846 ሲወጣ የድንች ሰብል በመበላሸቱ የመጣው ረሃብ ገብቶ ነበር። ረሃቡ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል አሰደደ። ከሁሉ የተጎዳውም ጌሊክ ይነገርበት የነበረው ድሃው ገጠር ነው።

ዛሬ የአየርላንድ መንግሥት የቦታ ስሞች ክፍል ለመንገድ ምልክት የሚሆነውን የጌሊክ ስም ሲወስን እነዚያን መዝገቦች ይመረምራል። ሎጋኒም በተባለው የኢንተርኔት መዝገብም ማንም ሰው የመንደሩን ስም ፈልጎ፣ ስሙ ባለፉት ዘመናት እንዴት እንደተጻፈና ኦዶኖቫን ምን ብሎ እንደመዘገበው ማየት ይችላል።