በገና ከጎረቤት ቤት እስከ ልጆቻችን እጅ

በዐቢይ ጾም ሰሞን የበገና ድምፅ ሲሰማ የያዝነውን ሥራ ገታ አድርገን ጆሮ የማንሰጥ ስንቶቻችን ነን? ይሁንና ይህ ድምፅ ከመካከላችን ሊርቅ ተቃርቦ እንደነበር ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን።

እንደሚታወቀው ክራርና መሰንቆ የሠርግና የጨዋታ አድማቂዎች ሲሆኑ፣ በገና ግን የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ከአንጀት የሚሠሩ ዐሥር አውታሮች አሉት። ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚገኘው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው፣ እንዚራ ከምትባለው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። እንዚራዋ ከቦታዋ ጥቂት ከተዛነፈች ነዘራው ይጠፋል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ መማር ያዳግታል፤ ከመምህር አጠገብ ተቀምጦ እጁን ማየትንና ድምፁን መስማትን ይጠይቃል። በመሆኑም አንድ ባለሙያ ተማሪ ሳይተካ ካለፈ፣ ያወቀው ሁሉ አብሮት ይቀበራል።

በገና ከዚህ አደጋ እንዲተርፍ ካደረጉት ሰዎች አንዱ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ናቸው። እንጦጦ ተወልደው ያደጉት ዓለሙ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የበገና ሊቁ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆኑ። ልጁም ከእኒሁ አዛውንት እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና በመደበኛነት መሰጠት ሲጀምር፣ የቀድሞው ታዳጊ መምህር ሆኖ ቀረበ። በደርግ ዘመን መንፈሳዊ ዜማ ከመገናኛ ብዙኃን ሲርቅ የበገና ድምፅም አብሮ ራቀ። ዓለሙ ግን በገናቸውን አልሰቀሉም። ከዚያ ወዲህ ያስቀረጿቸው ዜማዎች በውጭ አገር ጭምር ታትመው ወጥተዋል፤ እርሳቸውን አርአያ አድርገው የተነሡ ደርዳሪዎችም ብዙ ናቸው።

«በገና የወንድ፣ ያውም የሽማግሌ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ግን ታሪክን መዘንጋት ነው። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል፤ በእኛ ዘመንም እንደ ሶስና ገብረ ኢየሱስ ያሉ ሴት ደርዳሪዎች ሥራቸውን በአልበም አሳትመዋል።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ አንድ ጥያቄ እናቅርብላችሁ። ያኔ የዓለሙ ቤተሰቦች «ትምህርትህን ተው፣ ከሽማግሌ ጋር ምን ያውልሃል?» ብለው ከልክለውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እንሰማ ነበር? ልጃችሁ፣ በተለይም ሴቷ ልጃችሁ፣ በገና ልማር ብትል በትምህርቷ ላይ እንቅፋት ይሆናል ብላችሁ አትፍሩ፤ ዓለሙ ራሳቸው ከበገናው ጎን ለጎን በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንተዋል። በሰፈራችሁ የሚያስተምር ሰው መኖሩን ጠይቁ፤ መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊትም ከመምህሩ ጋር ተማከሩ። ጣቷ እስኪለምድ ታገሷት። በጓዳችሁ ሥራ ላይ ሳላችሁ የምትሰሙት ያልተስተካከለ ድርደራ ጆሮ ቢያደክምም፣ ነገ ለልጅ ልጆቻችሁ የሚተርፈው ቅርስ የሚጀምረው ከዚያው ነው።