ዋት በካርቶን አይመዘንም
የወልድያ ገበያና የትንሿ አምፕሊፋየር ሒሳብ

ወልድያ ገበያ ወርዶ የድምፅ ማጉያ ሳይሰማ የተመለሰ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሙዚቃ ቤቱ አዲስ ዘፈን ለቆ ደንበኛ ይጠራል። የሎተሪ መኪናው ዕጣ ሊወጣ ነው እያለ ያልፋል። የልብስ ነጋዴው በእጅ ማይክሮፎን ዋጋ ይለፍፋል። ጥር ሲገባ ደግሞ የሠርጉ ድንኳን «ሞንታርቦ» ፍለጋ ይጀምራል። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ሲሆን በአገራችን የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ድምፅ የሚያልፈው በአንድ ዕቃ ነው፤ በአምፕሊፋየር። በመሆኑም ለገበያው ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከውጭ ተሠርቶ የመጣውን ገዝቶ ከመሸጥ ይልቅ፣ ክፍሎቹን አስመጥቶ እዚሁ ወልድያ ገጣጥሞ መሸጥ ያዋጣል ወይ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ትንሿ አምፕሊፋየር በኪት መልክ፣ ማለትም ክፍሎቿ ሳይገጣጠሙ በአንድ ከረጢት ታሽገው ትሸጣለች። ከገዢዎቿ መካከል በጠረጴዛ ላይ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይገኛሉ። ከትንሿ ጣቢያ ሥር ስፒከር ደብቀው የፉጨትና የሞተር ድምፅ ያሰሙባታል። እነርሱ ዘንድ የመዝናኛ ዕቃ ናት። ያችው ሰሌዳ ወልድያና መርሳ ስትደርስ ግን የእንጀራ ዕቃ ትሆናለች።

ዕቃዋ ምን ይዛለች?

የሥራው እምብርት አይሲ ነው። ኤልኤም 386 የሚባለው ባለ 8 እግር አይሲ ከ4 እስከ 12 ቮልት ይሠራል፤ ኃይሉም ከ1 ዋት በታች በመሆኑ ለትንሽ ራዲዮ ይበቃል። ቲዲኤ 2030 ባለ 5 እግር ሲሆን ተስማሚ የኃይል ምንጭ ካገኘ 14 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ነገር ግን ስለሚግል ጀርባው ላይ አሉሚኒየም ሊታሰርለት ግድ ነው። ፒኤኤም 8403 ደግሞ በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት እየሠራ በሁለት በኩል 3፣ 3 ዋት ያወጣል።

አገጣጠሙ በአንድ የሬዲዮና ቴፕ ጥገና ቤት አቅም የሚሠራ ነው። የቆርቆሮ ብየዳ፣ ቴስተርና ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝቅተኞቹ ሬዚስተሮች ይቀድማሉ፤ ካፓሲተሮች ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸው ተለይቶ ይገባሉ፤ አይሲው በመጨረሻ ይታሰራል። ብዙ ሰሌዳ የሚቃጠለው በአንድ ስሕተት ነው። እንደ ፒኤኤም 8403 ባሉት ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ኃይል ይይዛሉ፤ አንዱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተገናኘ ሰሌዳው ሊበላሽ ይችላል።

የካርቶኑ ቁጥር

ገዢው ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሻጩም ካርቶኑን ያሳያል፤ 100፣ 500፣ አንዳንዴም 1000 ዋት ይላል። እዚህ ላይ ነጋዴው እርሳስ ማንሣት አለበት።

በ12 ቮልት የሚሠራ ተራ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይበላሽ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል እንዲህ ይሰላል፦ 12 በ12 ይባዛል፤ 144 ይሆናል። ይህ ለ32 (8 ሲባዛ በ4) ሲካፈል 4.5 ዋት ይመጣል። ሁለት አምፕሊፋየር ተጣምረው አንድ ስፒከር የሚነዱ ከሆነ ውጤቱ በአራት ተባዝቶ 18 ዋት ይደርሳል። ቮልቴጅ የሚያሳድግ ተጨማሪ መሣሪያ ከሌለው በቀር ጣሪያው ይኸው ነው። ካርቶኑ ላይ የፈለገው ቢጻፍ ሒሳቡ አይለወጥም።

ሌላ መፈተሻም አለ። 1000 ዋት ከ12 ቮልት ለማግኘት ባክኖ የሚቀር ኃይል ባይኖር እንኳ 83 አምፔር ያስፈልጋል። አብሮ የሚሸጠው ቻርጀር 2 አምፔር ከሆነ ግን ጠቅላላ የሚሰጠው 24 ዋት ብቻ ነው። ከ24 ዋት 1000 ዋት የሚያወጣ ማሽን እስካሁን አልተሠራም።

ከዚህም ሌላ ዋት ሲጨምር ጆሮ የሚሰማው በዚያው ልክ አይጨምርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በአንድ ዋት 93 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከር በ5 ዋት ሲነዳ፣ 87 ዴሲቤል የሚያሰማውን በ20 ዋት ያህል ይጮኻል። ስለዚህ ገንዘብ መውጣት ያለበት ለትልቅ ቁጥር ሳይሆን ለጥሩ ስፒከርና በደንብ ለተሠራ ሣጥን ነው።

ዶላርና መንገድ

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት ያህል በ30 ዶላር የሚገባ የተሠራ አምፕሊፋየር እንውሰድ። ዶላሩ 57 ብር ሳለ መነሻው 1,710 ብር ነበር፤ በ100 ብር 3,000 ብር ይሆናል። ቀረጥና ማጓጓዣ ገና አልተጨመረም። ከዋጋው ውስጥ ዶላር የሚፈልገው 10 ዶላር ብቻ ሆኖ ሣጥኑ፣ የእጅ ዋጋውና ከአሮጌ ቴፕ የወጣው ስፒከር በብር የሚከፈል ከሆነ ግን፣ የምንዛሪው ጭማሪ የሚነካው ያንን 10 ዶላር ነው፤ ከ570 ወደ 1,000 ብር። በአንዱ 1,290፣ በሌላው 430 ብር ጨመረ ማለት ነው።

የመንገዱም ነገር አለ። ወልድያ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር አልፋ የምትገኝ የደሴ፣ የአላማጣና የጋሸና መንገዶች መገናኛ ናት። ከ2015 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ታይተዋል። ትልቅ ካርቶን ቦታ ይይዛል፤ የመቶ አምፕሊፋየር አይሲ ግን በአንድ የእጅ ቦርሳ ይገባል። ሲበላሽም መርካቶ ድረስ መላክ የለበትም።

መብራቱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከተማዋ በ2013 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 በቆየችበት ወቅት ያለ መብራት መኖር ምን እንደሆነ አይታለች። በሐብሩ ገጠር ደግሞ ሶላርና ባትሪ የሚጠቀመው ደንበኛ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይቆይልኛል?» ብሎ ነው። የ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። የድሮው ዓይነት አምፕሊፋየር በወረቀት ላይ እንኳ ከባትሪው ኃይል ከ78 በመቶ ብዙም ሳያልፍ ቀሪውን በሙቀት ያባክናል። «ክላስ ዲ» የሚባለው አዲሱ 90 በመቶ ገደማ ወደ ስፒከሩ ያደርሳል። ለባትሪ ደንበኛ ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው።

ትርፉ የት ነው?

በዋጋ ብቻ ከመርካቶው ካርቶን ጋር መፎካከር ያከስራል፤ ፋብሪካው በብዛት ስለሚያመርት በርካሽነት ማንም አይደርስበትም። የወልድያው ገጣጣሚ የሚሸጠው ፋብሪካው የማይሸጠውን መሆን አለበት፦ ተለክቶ የተጻፈ ዋት፣ የስድስት ወር ዋስትናና በዚያው ቀን የሚያልቅ ጥገና። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ዕቃ የሚገዛ ኮሚቴ የሚያወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ መሣሪያው በበዓል ዋዜማ ቢቃጠል ተጠያቂ የሚሆነው በስሙ የሚታወቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ለዋስትና ጥቂት ብር መጨመር አይከብደውም።

እንግዲህ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት በአንድ ጊዜ ብዙ ዕቃ አያከማች። በአሥር ኪት ይጀምር፤ አሥሩንም በቴስተር ፈትሾ ሙሉ ቀን አስጩኾ ያስረክብ። ስንቱ ለጥገና እንደተመለሰ ይቁጠር፤ የንግዱ እውነተኛ ሒሳብ ያ ቁጥር ነው። በሣጥኑ ላይ «18 ዋት» ብሎ የጻፈ ሰው «500» ከሚለው ጎረቤቱ አጠገብ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሞኝ ሊመስል ይችላል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ስፒከር ጎን ለጎን ሲሞከሩ ግን ገዢው የራሱን ጆሮ ያምናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ገበያውም እያደር ይለየዋል።