ሰባት ቤት የሚቈጠርበት አገርና የሕፃናት የውርስ ደዌ

በጎጃም ደጋ፥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ፥ ልጁን ለመዳር ያሰበ አባወራ ከጥሎሹና ከድግሱ አስቀድሞ የሚፈጽመው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ዘር በአባትም በእናትም ወገን፥ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፥ ከቅድመ አያት ወደ ምንዥላት እያሉ በሚወጡ ዕድሜ ጠገብ ሽማግሌዎች አፍ ማስቈጠር ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚያገናኝ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት የተገኘ እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ቤተሰብ ምንም ያህል ቢፈላለጉ ጋብቻው ይቀራል። በሃይማኖት ሥርዐትና በአበው ልማድ የጸናው ይህ ቈጠራ ከደዌ የሚጠብቀውን ያህል፥ ሊጠብቅ የማይችለውም አለ፤ ጥቂት ሕፃናትን ብቻ ስለሚይዙ ስማቸው በመንደር የማይታወቅ፥ የሰውነትን የምግብ አሠራርና አንጎልን የሚያውኩ የውርስ ደዌያትን የሚመረምረው ሳይንስ ሁለቱንም ገልጦ ያሳያል።

የሰው ባሕርይ በ20,000 ገደማ ዘረመሎች የተጻፈ ሲሆን፥ ከጥቂቶቹ በቀር እያንዳንዱ በሁለት ቅጂ፥ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት፥ ይሰጣል። አንድ ገዳም የአንድ መጽሐፍ ሁለት ብራናዎች ቢኖሩት፥ ቁም ጸሐፊው በአንደኛው የገደፈውን ቃል መምህሩ ከሁለተኛው አይቶ ያቀናዋል፤ ሁለቱም በዚያው ስፍራ የተገደፉ እንደ ሆነ ግን ንባቡ ይፈርሳል። አንድ ጕድለት ያለበት ቅጂ ብቻ የያዘ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሊያረጅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንኑ ጕድለት የያዙ ባልና ሚስት ሲገናኙ ግን በእያንዳንዱ ፅንስ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል ይኖራል። የአጎትና የአክስት ልጆች ቢጋቡ፥ ልጃቸው ሁለቱንም ቅጂ ከወላጆቹ አንድ የጋራ አያት የመውረስ ዕድሉ በእያንዳንዱ ዘረመል ከ16 አንድ ሲሆን፥ የሚያገናኘው ወላጅ በሁለቱም ወገን በአንድ ትውልድ በራቀ ቊጥር ዕድሉ በአራት ይከፈላል፤ ስለዚህ መገናኛው ሰባተኛው ወላጅ ላይ ሲደርስ ከ16,384 አንድ ብቻ ይሆናል። አበው ይህን ስሌት ሳይሠሩ፥ በርስትና በዝምድና ክብር ምክንያት የሠሩት አጥር ለሕፃናት የጤና አጥር ሆኖ ተገኝቷል፤ እኔም በዚህ ልማድ መኵራት ተገቢ ነው እላለሁ።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው ከሚያስታውሰው ትውልድ በፊት የነበረ አንድ የሩቅ አባት ጕድለቱን በብዙ ቤት ዘርቶት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም በአባትም በእናትም ያልነበረ አዲስ ጕድለት በፅንሱ ጊዜ ይፈጠራል። እንግዲህ ዘሩ በሚገባ የተቈጠረ ቤትም ቢሆን እንዲህ ያለ ሕፃን ሊወለድበት ይችላልና፥ ሲወለድ በእናቲቱ ላይ የሚነሣው የሐሜት ጣት ከእውነት የራቀ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ በ1908 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ባሰማቸው ትምህርቶች፥ ከውልደት ጋር የሚመጣ የሰውነት የኬሚካል ሥራ ስሕተት እንዳለ አስረዳ። የምንበላው ሁሉ ደም፥ ሥጋና ኀይል የሚሆነው ደረጃ በደረጃ እየተለወጠ ነው፤ በየደረጃው የሚያገለግል ኢንዛይም አለ፤ አንዱ ኢንዛይም የጐደለ እንደ ሆነ ሊለወጥ የሚገባው ነገር ይከማቻል፥ ከእርሱ ሊገኝ የሚገባውም ይጠፋል፤ ክምችቱ መርዝ ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ብዙ ጊዜ አንጎል ነው።

ይህን ትምህርት ከመጻሕፍት አውጥታ ወደ ቤት ያስገባችው ግን ሐኪም ሳትሆን እናት ናት። በኖርዌይ አገር የምትኖረው ቦርግኒ ኤገላንድ ሁለት ልጆች ወልዳ፥ ሁለቱም ሲወለዱ ጤነኞች የሚመስሉ፥ ውለው ሲያድሩ ግን አእምሯቸው የማይጐለምስ ሆኑባት። ሽንታቸው እንግዳ የሆነ የሻገተ ሽታ እንዳለው አስተውላ ለሐኪሞች ብትናገር የሚሰማት አጣች፤ እርስዋ ግን አልተወችም። በ1934 ኬሚስትም ሐኪምም ከሆነው ከአስብዮርን ፎሊንግ ዘንድ ደረሰች። ፎሊንግ በልጆቹ ሽንት ላይ የብረት ክሎራይድ ቢጨምርበት፥ ያልጠበቀው አረንጓዴ ቀለም ወጣ። እናቲቱ ልጆቿን ለማዳን የምትሰጣቸው መድኃኒትና ዕፅ ቀለሙን ያመጣው እንዳይሆን፥ ሁሉንም ለጥቂት ቀናት እንድታቋርጥ ጠየቃት፤ አቋረጠች፤ ቀለሙም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እርስዋ ሽንቱን እየተሸከመች እያመጣች፥ እርሱም ከዚያ ውስጥ ንጥረ ነገሩን እያጣራ፥ ፌኒልአላኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በልጆቹ ሰውነት ውስጥ በሚገባ ሳይለወጥ ይቀራል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ደዌው ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል። የእናቲቱ ልጆች ከግኝቱ አልተጠቀሙም፤ ከእነርሱ በኋላ የተወለዱት ግን ዳኑበት።

መፍትሔው በ1953 እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ተገኘ፤ ሆርስት ቢክልና ባልንጀሮቹ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ ለአንዲት ሕፃን ሰጥተው መሻሻሏን ገለጹ። የእኛን ገበታ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፤ እንዲህ ላለው ልጅ ሥጋውና ወተቱ ብቻ ሳይሆን የጾሙ ሽሮና ምስርም ጐጂ ነው፥ ጤፉም ቢሆን ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ ሕክምናው በልዩ ሁኔታ የሚዘጋጅ የወተት ዱቄትና የማያቋርጥ የደም ምርመራ ይፈልጋል።

ነገር ግን ምግቡ የሚጠቅመው አንጎል ሳይጐዳ በፊት ከተጀመረ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአራስ ሕፃን ተረከዝ የሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ የሚመረምርበትን ዘዴ አበጀ፤ በብዙ አገሮችም እያንዳንዱ አራስ በዚህ ወረቀት ይመረመራል። ይህ የወረቀት ዘዴ ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ደም ከየጤና ጣቢያው በእንዲህ ያለ ወረቀት ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ኖሯል፤ ተረከዝ የሚወጋ እጅ፥ ወረቀት የሚያደርቅ ሥርዐትና የሚያደርስ መንገድ አለ ማለት ነው። ከዚያው ወረቀት የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ጕድለትም ይታወቃል። ዝናብ አፈሩን ባጠበው ደጋ አዮዲን በማነሱ ሕፃናት አእምሯቸው ሳይጐለምስ የሚቀርበትን ነገር ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ዕጢው ከፅንስ ጀምሮ ያልተሠራለት ወይም በዘረመል ጕድለት ሆርሞን የማያመነጭ ሕፃን ግን ጨው አያድነውም፥ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እንጂ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው የቫይታሚን ቢ6 ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ቀናት የሚጀምር፥ የተለመዱት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የማያስቆሙት አንድ ዐይነት መንቀጥቀጥ አለ፤ በ1954 ሐኪሞች በዚህ ቫይታሚን እንደሚቆም አዩ፤ ምክንያቱ የሆነው ዘረመል የታወቀው ግን በ2006 ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልንጀሮቻቸው በቡታጅራ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በ5.2 ላይ መገኘቱን፥ ሕክምና ያገኙትም እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በወሊድ ጕዳት፥ በኢንፌክሽንና በሌላ ምክንያት የታመሙ ሊሆኑ ይችላሉ፥ በቢ6 የሚድኑትም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ቢ6 ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጠው ከአይሶኒያዚድ ጋር የሚታደል ርካሽ ክኒን ነው። ልጇን አዝላ ወደ ጠበል የምትወጣ እናት እምነቷን ሳትተው፥ በሐኪም ጥበቃ ሥር ይህ ለልጇ ተሞክሮ ቢሆን፥ ከዕድሜ ልክ መንቀጥቀጥ የሚድን ሕፃን ሊገኝ ይችላል።

ዛሬ ተመራማሪዎች የሕፃኑን፥ የአባቱንና የእናቱን ዘረመል በአንድነት አንብበው ያነጻጽራሉ፤ በሦስቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ጕድለቱ የተወረሰ ወይም አዲስ መሆኑን ይናገራል። ድራቬ የሚባለው፥ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ከትኵሳት ጋር የሚነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው አዲስ በሆነ ጕድለት ይመጣል፤ ይህን ማወቅ ወላጆችን ከነቀፋ ከማዳኑም በላይ፥ ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት የሚያባብስበት ደዌ ነውና፥ የሐኪሙን ትእዛዝ ይለውጣል። ሆኖም ማንበብ ያለ ማነጻጸሪያ አይሆንም። በ2015 በተፈጸመው የ1,000 ጂኖም ሥራ የ26 ሕዝቦች 2,504 ሰዎች ሲነበቡ ከኢትዮጵያ አንድም ሕዝብ አልነበረበትም፤ በአንድ የደብረ ማርቆስ ሕፃን ላይ የተገኘ እንግዳ ፊደል ደዌ ይሁን ወይስ በአገሩ ሰው ሁሉ ያለ ንጹሕ ልዩነት ለመለየት አስቸጋሪ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ምርምር በአገራችን እንደሚቻል ግን የዝሆኔ በሽታ አሳይቷል። በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት፥ በ2012 እንደ ታተመው፥ ከአዋቂዎቹ 3.3 ከመቶው በዚህ የእግር እብጠት ተይዘው ተገኝተዋል፤ በዚያው ዓመት ፋሲል ተኰላ አየለና ባልንጀሮቹ የወላይታ ሕሙማንንና ጤነኞችን ዘረመል አነጻጽረው፥ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ አንድ የዘረመል ክፍል ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳወቁ። ደዌው የሕፃናት አይደለም፤ ነገር ግን ዘር ብቻውን እንደማያሳምም፥ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ካልተጨመረበት በቀር በሽታው እንደማይመጣ ስላስረዳ፥ በጋብቻ ጊዜ ለሚገለለው ቤተሰብ ጫማ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ገልጧል።

ልጆቿ እየተከታተሉ የሚሞቱባት ሴት በአገራችን ሾተላይ አለባት ትባላለች። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእናትና የፅንስ የደም ዐይነት አለመስማማት ሲሆን፥ ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዱ እስካሁን የተናገርሁለት ደዌ ተሰውሮ ሊገኝ ይችላል። በማጣሪያ ወረቀት የደረቀ ደም ለብዙ ዓመታት ዘረመሉን ይጠብቃልና፥ የታመመው ሕፃን ከማረፉ በፊት ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ጥቂት ጠብታ ቢቀመጥ፥ ሐኪም በጊዜው መልስ ባያገኝ እንኳ ኋላ ሊነበብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጕድለቱ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ሆኖ ከተገኘ፥ እናቲቱ በሚቀጥለው ፅንስ ከአራት አንድ የሆነው ዕድል እንደሚጠብቃት አውቃ፥ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን እንዲመረመርላትና ተገቢው ምግብ ወይም ክኒን ከዚያው ቀን እንዲጀመርለት ለማድረግ ትችላለች።