ንብ የምትለካው ሣጥን

ዘመናዊ ቀፎ የሚሠራ አናጺ ደንበኛዬ ገበሬው ብቻ ነው ብሎ እንዳይሳሳት። ሣጥኑን በመጨረሻ የምትለካው ንቧ ናት። አሜሪካዊው ንብ አናቢ ሎሬንዞ ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፤ የማር እንጀራው በሚሠራበት ተነቃይ ፍሬምና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ከተተወ ንቧ መተላለፊያ ታደርገዋለች። ከጠበበባት በሙጫዋ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋባት ደግሞ የማር እንጀራ ትሠራበታለች። ያኔ ፍሬሙ ከሣጥኑ ይጣበቅና ያለ ቢላ አልወጣም ይላል።

ወለጋ የማር አገር ነው። ዛፍ ላይ የሚሰቀለው፣ ኦሮምኛው «ጋጉራ» የሚለው ባህላዊ ቀፎ እንዲህ ያለ ልክ ጠይቆ አያውቅም። ባለ ፍሬሙ ግን ይጠይቃል። ነቀምት የተሠራ ፍሬም ጊምቢ ያለ ሣጥን ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት አለበት። በኮምፒውተር የሚታዘዘውን የእንጨት መቁረጫ ራውተር፣ ባለሙያዎቹ ሲኤንሲ የሚሉትን፣ በቀፎ በኩል ማስተዋወቅ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአልጋ ራስጌና በበር ላይ በሚፈለፍለው አበባ ብቻ ነውና።

ማሽኑ ሲያዩት ትልቅ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ድልድይ የመሰለ ብረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ድልድዩ ላይ የተቀመጠው ሞተር ደግሞ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይላል። ከሞተሩ ሥር ፑንታ የመሰለ ስል ብረት ይታሰራል። ፑንታ ወደ ታች ይበሳል እንጂ ወደ ጎን አይቆርጥም፤ ይሄኛው ግን በደቂቃ እስከ 24,000 ጊዜ እየተሽከረከረ በጎኑም ይቆርጣል። በኮምፒውተር የተሣለውን ሥዕል ፕሮግራሙ ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል፦ ከዚህ ተነሥ፣ እዚያ ድረስ ሂድ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውረድ። የትእዛዙ ቋንቋ ጂ-ኮድ ይባላል። በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በተባለው ተቋም ሲታይ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ ጥብጣብ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጣውላ ቀጥ አድርጎ ለመሰንጠቅ ሲኤንሲ አያስፈልግም፤ ክብ መጋዝ ይቀድመዋል። ብልጫው ፍሬሙ በሚያርፍበት ቦይ፣ በእጅ መያዣው ጎድጓዳ፣ በማዕዘኑ ጥርስና ጥርስ ላይ ይታያል። በእጅ ሲሠራ መቶኛው ሣጥን ላይ ሠራተኛው ይደክመዋል፣ የእርሳሱም ጫፍ ይደንዛል። ማሽኑ የመጀመሪያውን ልክ መቶኛውም ላይ ይደግመዋል። ስህተት ከሰጡትም መቶውን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ያበላሻል፤ ስለዚህ አንዱን ገጥሞ ፍሬም ሳያስገቡበት ወደ ሁለተኛው ማለፍ አይገባም።

አነስተኛ ሥራ ቤትን የሚጠቅመው ሌላው ነገር ሥዕሉ አለመጥፋቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክዳን ተሰብሮበት የመጣ ደንበኛ አሮጌውን ይዞ መምጣት አይጠበቅበትም። ቀፎ በማይፈለግበት ወራት ያው ማሽን የቁም ሣጥን በር፣ የሱቅ ታፔላ፣ ለጎረቤት አናጺም በክፍያ ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ የእንጨት ገበታ ይቆርጣል። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር በሆነው ገበታ ላይ ቁርጥራጮቹን አጠጋግቶ መደርደሩም ትራፊውን ይቀንሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ በነበረበት አገር ትራፊ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩንም ልንገራችሁ። መብራት ሥራው መሐል ሲጠፋ ብዙው ማሽን የነበረበትን ቦታ ይረሳል፣ ጣውላውም ይበላሻል። የኤምዲኤፍ ሰጋቱራ ደቃቅ ስለሆነ መምጠጫና ጭንብል የግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እርጥብ እንጨት ነው። ዛሬ በሚሊ ሜትር የተቆረጠው ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ የደከመበት ልክ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በደንብ ያልደረቀ እንጨት የሚጠቀም ሥራ ቤት ገንዘቡን መጀመሪያ ለእንጨት ማድረቂያ መጠለያ ቢያወጣ ይሻለዋል።

የመግዣው ገንዘብ ለተቸገረ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 103 የፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አለ፤ አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ይገዛል፣ ባለ ሥራ ቤቱ እየሠራበት ይከፍላል።

ለመግዛት የምታስቡ ሻጩ አበባ ፈልፍሎ ሲያሳያችሁ አትደነቁ። አሥር አንድ ዓይነት ጣውላ አስቆርጡትና በሜትር ሳይሆን በካሊፐር ለኩት።