የቀይ ባሕሩ ባለምላጭ ዓሣና የፎገራ ነጋዴ ሒሳብ

በሆቴልና በሱቅ ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ ማቆም ደንበኛን የሚስብ ጌጥ መሆኑ የታወቀ ነው። በወረታ ወይም በአንበሳሜ ያለ ባለሱቅ ይህን ጌጥ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። ዳሩ ግን በባሕር ጌጥ ዓሦች መካከል እጅግ ከሚያምሩት አንዱ የሆነው የቀይ ባሕሩ ሶሃል፣ ሒሳቡን አስቀድሞ ላልመረመረ ሰው እጅግ ከሚያከስሩትም አንዱ ነው።

ሶሃል ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ሲሆን፣ በጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የተሳለ እሾህ ይገኛል። ወገኖቹ በውጭ አገር ቋንቋ «ቀዶ ሐኪም» የተባሉትም ስለዚህ ነው። በዚህም ምላጭ አብረውት የሚኖሩትን ዓሦች፣ አንዳንድ ጊዜም የጠባቂውን እጅ ያቈስላል። ለሊቃውንት ያስተዋወቀው በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን የሞተው ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል ነው፤ ጽሑፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1775 ነበር።

በገበያ ላይ ጣት የሚያህለው ግልገል ሲያድግ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከወገኖቹ መካከል ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ ተመዝግበዋል። ምግቡ በድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌ ነው። አልጌ ኀይል ሰጪነቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ ዓሣው እንደ ፎገራ ላም ቀኑን ሙሉ ካልጋጠ አይጠግብም። ሜዳ የለመደችን ላም በጠባብ በረት ዘግቶ ማታ ማታ አንድ እፍኝ ጭድ መወርወር ምን እንደሚያስከትል የፎገራ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ለአንድ ሶሃል 2 ሜትር ያህል ርዝመትና 1,000 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ገንዳ ማሰብ ይገባል። የባሕር ውሃ በ1 ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እንግዲህ ገንዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ 35 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ከውሃው አንድ አሥረኛው በየሳምንቱ ቢለወጥ 3 ኪሎ ተኩል፣ በዓመት 182 ኪሎ ይሆናል። ይህም ከአፋር የሚመጣው የወጥ ጨው አይደለም። ከባሕር ጨው ውስጥ የወጥ ጨው ዓይነቱ ከመቶ 85 ያህል ሲሆን፣ የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌላም ነው። ለዓሣው ተብሎ የተቀመመውን ከውጭ አገር ማስመጣት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ነው። ሶሃል ማዕበል በሚመታው የባሕር ዐለት ዳር ስለሚኖር ብዙ ኦክስጅን የለመደ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ውሃ በዚያ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም ጄኔሬተር የሌለው ባለቤት ዓሣውን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። የግልገሉን ዋጋ ብቻ ጠርቶ ይህን ሁሉ ሳይነግር የሚሸጥ አስመጪ ሚዛን ከሚያጐድል ሰው በምን ይሻላል?

አልጌ የሚግጥ ዓሣ ማሳየት የሚፈልግ የፎገራ ነጋዴ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀይ ባሕርን ዓሦች ካጠና በኋላ ወደ ጎንደር የወጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ በደንቢያ ስም የተጠራ አንድ ትንሽ ዓሣ ለሊቃውንት አስተዋውቋል። ይህ ጋራ የሚባለው ወገን በጣናና በገባር ወንዞቹ ይኖራል፤ አፉ ከበታቹ ስለሆነ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ ይበላል። ቁመቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ጨው አይፈልግም፤ የደጋውን ከፍታም በትውልድ ለምዶታል። የሚፈልገው ንጹሕና የሚንቀሳቀስ ውሃ፣ ብርሃን፣ አልጌ የያዘ ድንጋይ ነው። ከጉማራ ለማውጣት ግን አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ከሌላ አገር የመጣ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ወይም የገንዳ ተክል ወደ ወንዝ እንዳይጣል ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን፣ በዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት እንደ ጌጥ እየተወሰደ ነው፤ የፎገራ ዳርቻ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ እስከ ዛሬ በእጁ ሲነቅለው ይታያል።